አሥራ አንደኛ

እናቷ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ዓመቱን ሙሉ የደጋገመችው አንድ ወሬ ነበር። «ከሰፈራችን ትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ያንን ዩኒቨርሲቲ በሕልሙም አያየው፤ የትምህርት ቤቱን ስም አይተው ነው የሚጥሉት።» በዚህ ወሬ ነው ሁልጊዜ አንደኛ የምትወጣ ልጇን ለመጨረሻው ዓመት ትልቁ ትምህርት ቤት ያስገባቻት። እዚያ ልጅቷ አሥራ አንደኛ ወጣች።

«ስምሽ የለም፣ እህቴ» አላት የዩኒቨርሲቲው ጸሐፊ በመስኮቱ።

«ደግመህ እየው እንጂ ልጄ፤ ከትልቁ ትምህርት ቤት እኮ ነው የመጣችው!» አለች እናቷ።

«ከዚያ የወሰድነው እስከ አሥረኛ ብቻ ነው፣ እናቴ።»

እናትየዋ በገዛ እጇ የሰፋችውን የልጇን ዩኒፎርም ኮሌታ ማስተካከል ያዘች፤ ኮሌታው ግን ምንም አልተጣመመም ነበር። «እኔ ሞኟ» አለች ድምጿ እየተሰበረ፤ «ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሬ አስገብቼሽ ቢሆን ኖሮ!»

«ተይ እማዬ፣ በኮሌታዬ አንቀሽ ልትገድይኝ ነው እንዴ?» ብላ ልጅቷ አቀፈቻት። በእናቷ ትከሻ ላይ አሻግራ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር ስታይ እናቷ እንዳትዞር እቅፏን አጠበቀች። ከሰፈራቸው ትምህርት ቤት የተወሰደችው አንደኛ የወጣችው ብቻ ነበረች፤ እሷም እስከ አምና ድረስ ሁልጊዜ ሁለተኛ ትወጣ የነበረችው የወንበር ጓደኛዋ ናት።