የትንፋሽ ሙከራ

የሕንፃው የኃይል አጠቃቀም ኃላፊ ከሕመሙ ሳያገግም ወደ ሥራ የተመለሰው፣ ተተኪዎቹን ካላሠለጠነ ጡረታ መውጣት ስለማይችል ነበር። ጠዋት ሚስቱ፣ «እጅህ በረዶ ሆኗል፤ ምነው ብትተኛ?» ብትለውም፣ የዛሬውን ሥልጠና ጨርሶ እንደሚያርፍ ቃል ገብቶላት ወጣ።

በስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ያለች ትንሽ መሣሪያ በክፍሉ የተጠራቀመውን የሰው ትንፋሽ ለክታ ንጹሕ አየር ታስገባለች።

«ደኅና መሆኗን ለማወቅ ቀርባችሁ ተንፍሱባት፤ የምታሳየው ቁጥር ከፍ ማለት አለበት» አላቸው።

ሠልጣኞቹ በየተራ ተነፈሱ፤ የሁሉም ከፍ አለ።

«የእኔማ ጣሪያ ነካ!» አለ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው።

«ወሬ ከሆነ አንተን ማን ይችልሃል!» አለችና መሐንዲሷ አሳቀቻቸው። «ጋሼ፣ እርስዎስ?»

ተነፈሰ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

«ደክሞዎት ነው፤ ጠንከር አድርገው ይሞክሩ» አለችው።

ደረቱን ሞልቶ ደገመ። ቁጥሩ እንደ ቆመ ነው። መሐንዲሷ ስትሞክር ግን ወዲያው ከፍ አለ።

ሣቁ ረገበ። መሐንዲሷ መነጽሯን አውልቃ ወደ አፉ አስጠጋችለት።

«አንዴ ብቻ፣ ጋሼ።»

የቀረ አቅሙን ሁሉ አሰባስቦ በረጅሙ ተነፈሰ።

የመነጽሩ መስተዋት ጉም ሳይዝ እንደ ጠራ ቀረ።