ሁለተኛ እጅ የማይዙ በሮች

«ደግሞ አልፈገፈግክም ይሉኛል እንዴ? ይኸው ጣቶቼ! አሻራ ቀርቶኛል? በብርጭቆ ወረቀት በሩንም እኔንም ፈግፍጌ ጨርሻለሁ'ኮ!»

ክብሪት ሁለት መዳፉን አሠሪው አፍንጫ ሥር ዘረጋ። ክብሪት ያሉት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው፤ ነካ ሲያደርጉት ስለሚቀጣጠል። በብረት በር መሥሪያው ውስጥ ቀለም የሚረጨው እሱ ነው።

ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው አሠሪው አልተቆጡም። በሩ ጥግ ላይ በጥፍራቸው ቀለሙን ጫር አድርገው ሳቡት። የላይኛው ቀለም ፀሐይ እንደላጠው ቆዳ ተገፎ እጃቸው ላይ ቀረ። ከሥሩ መጀመሪያ የተረጨው የቀለም እጅ፣ ምንም ሳይሆን፣ ያብረቀርቃል።

«ሦስተኛ ጊዜ ነው» አሉ ጋሼ። «ሃያ አራት በር! ወይ አንተ አትፈገፍግም፣ ወይ ቀማሚያችን ቀለሙን መቀመም አትችልም። ሰኞ ከሁለታችሁ አንዳችሁ እዚህ አትደርሱም።»

ብለው ወጡ፤ ደንበኛ እየጠበቃቸው ነበር። ደንበኛ የሚያመጡት ሁልጊዜ የመጀመሪያው እጅ በደረቀ ማግስት ነው። ሰውየው በሩን ያያል፣ ውሉ ላይ ይፈርማል፣ ይሄዳል። ሁለተኛውን እጅ ቆሞ የሚያይ የለም።

ክብሪት ስፓቱላውን አንስቶ መፋቅ ጀመረ። መቀባት፣ መፋቅ፣ እንደገና መቀባት። ትከሻው የራሱ መስሎ አልታየውም። ሰው ሥራ ሠርቶ ቢደክመው አንድ ነገር ነው፤ የሠራውን ሲያፈርስ ውሎ ሲደክመው ግን ለማንስ ያወራዋል?

ማዶ ቀማሚዋ ቀለሙን ታማስላለች። እትዬ ነው የሚላት። እዚህ ሥራ ያስገባችው እሷ ናት፤ መርጫው እንዴት እንደሚያዝ ያሳየችውም እሷ ናት። ባሏ አልጋ ላይ ከዋለ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ቤቱን የያዘችው በዚችው ደሞዝ ነው። ክብሪት ይህን አሳምሮ ያውቃል። ያም ሆኖ ሄዶ ፊቷ ተገተረ።

«ሲሊኮኑን ስንት ነው የምትጨምሪው?»

«የምጨምረውን ነዋ። ለአንድ ጋሎን አሥር ጠብታ። ምነው?»

«አሥር ነው ሃያ?»

«አንተ ልጅ፣ አፍንጫህን መጥረግ ሳትችል እኔ ጠብታ እቆጥር ነበር።»

«እሱን ተይው! ራስሽ አይደለሽ ያስተማርሽኝ? ልኩን ሲገባ ቀለሙን ያስተኛዋል፣ እንደ መስታወት ያለሰልሰዋል። ሲበዛ ግን ላይ ወጥቶ ይንሳፈፍና የሚመጣውን እጅ አላስጠጋም ይላል። ቅባት የተቀባ ሳህን ላይ ውሃ እንደ ማፍሰስ ነው አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«ጭራሽ ባይገባበትስ?»

«የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል፤ ጉድጉድ ይላል። ግን ሁለተኛው እጅ ይይዝለታል።» የሲሊኮኗን ጠርሙስ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳቻት። «እኔን የገረመኝ እንኳ፣ ሰሞኑን ይቺ ነገር ቶሎ ታልቅብኛለች።»

«በይ እንግዲህ! በገዛ አፍሽ!»

«ክብሪቴ፣ ተው ረጋ በል…»

የት ይረጋል! እየተንደረደረ ጋሼ ቢሮ ገባና የሰማውን አንድ ሳያስቀር ዘረገፈው። ጋሼ እስኪጨርስ ሰሙት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አሉ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ጠርሙሷን ለጋሼ አስረከበች። ጋውኗን አጥፋ በፌስታል ያዘች። አልለመነችም፣ አላለቀሰችም። መውጫው ላይ ስትደርስ ግን ዞር አለች።

«ቀምመህ ስትጨርስ አረፋው እስኪጠፋ ግማሽ ሰዓት አሳርፈው፣ እሺ? አደራ እንዳትቸኩል።»

ክብሪት ስፓቱላውን ያገላብጥ ጀመር።

ሰኞ ራሱ ቀመመ። የሲሊኮኗን ጠርሙስ ከጋሼ አልጠየቀም፤ ሊያያትም አልፈለገም። «ልጣጭም ይምሰል፣ ፈንጣጣም ያውጣ፤ ብቻ ይያዝልኝ» አለ። ጋሎኑን ከድኖ መጋዘን ውስጥ አሳረፈና አዲሶቹን በሮች ለመርጨት ሊሰቅል ወጣ። አንዱ በር ብቻውን ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ እሱ ግን ለብቻው አሥራ ሁለቱን ሰቀለ። ላብ በላብ ሆኖ ሲመለስ ጋሼ ከመጋዘኑ እየወጡ ነበር።

«በርታ የኔ ልጅ» አሉት፣ ትከሻውን መታ መታ አድርገው። «ዛሬ ደህና ጀምረሃል።»

እንደዚህ ብለውት አያውቁም። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ የእትዬ ባዶ በርጩማ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ደስታውን አጠፋበት እንጂ። ጭምብሉን አጠለቀ። የጭምብሉ መነጽር በትንፋሹ እየተደፈነበት፣ በልማድ ብቻ፣ እጁ በሄደበት ረጨ። ሲጨርስ ዞሮ እንኳ ሳያይ ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ ሲገባ ጋሼ ደንበኛ ይዘው ቀድመውታል። ደንበኛው አንዱ በር ፊት ቆሞ ከረባቱን እያስተካከለ ነበር። ከዚያም ጠጋ አለና ጥርሱ መሀል የተሰነቀረ ነገር በጥፍሩ አወጣ። ጉድጓድ የለ፣ ልጣጭ የለ፤ አሥራ ሁለቱም በር መስታወት ነው።

ሰውየው ብዕር አውጥቶ ፈረመ።

«እጅህ ይባረክ!» አሉ ጋሼ ወደ ክብሪት ዞረው። «አየህ? ችግሩ እሷ ነበረች።»

ክብሪት በሩን አየ። ጋሼን አየ። እንደገና በሩን አየ፤ ትናንት ከመጋዘኑ ሲወጡ እንዳገኛቸው ትዝ አለው። አምስት ዓመት ሙሉ አንቱ ያላቸው ሰውዬ ጋ፣ ደንበኛው እያየ፣ ደረታቸው ድረስ ሄዶ ቆመ።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ'ኮ አንዲት ጠብታ ሲሊኮን አልጨመርኩበትም፤ ታዲያ እትዬን ምን አድርጋ ነው ያባረርካት?»