በአንድ ትንፋሽ ስንት ቃል

ወሰንየለሽ ጠዋት ጠዋት ለሥራ የምትለብሰውን ሸሚዝ ስትተኩስ ባሏ ደምሰው ትራስ ተደግፎ ጋዜጣ ያነብላታል። የምንዛሬ ዜና አትከፍትም፤ አያስፈልጋትም። ደምሰው በአንድ ትንፋሽ አሥር ቃል ካነበበ ብር ደህና አድሯል ማለት ነው።

አዲሱ ሕግ ከወጣ ወዲህ አስመጪ ድርጅቶች የምንዛሬ ኪሳራ አይሸከሙም። ብር በወረደ ቁጥር በየቤቱ ያከራዩት መሣሪያ በዚያው ደቂቃ ሥራውን ይቀንሳል። የደምሰው የኦክስጅን ማሽንም እንደዚያው ነው። ውል ሲፈርሙ ቋሚ ተመን ወይስ ከብር ጋር የሚወጣና የሚወርድ ተንሳፋፊ ተብለው ተጠየቁ። ቋሚው ውድ ነበር። ወሰንየለሽ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ይህንኑ ነውና የሦስት ዓመቱን ሰንጠረዥ በጥንቃቄ አይታ ተንሳፋፊውን መረጠች።

ያን ማክሰኞ ስድስት ቃል አነበበ። ቀጥሎ አራት። ማሽኑ ድምፁ እየሳሳ ሄደ።

«አስተማሪዋ» አላት ፈገግ ብሎ፣ «ተማሪዎችሽ... እንዳይሰሙ።»

«ዝም በል እባክህ፣ ትንፋሽህን አትጨርስ። ወደ ቋሚው ቀይሩልን ልላቸው እየደወልኩ ነው።»

ከአከራዩ ድርጅት ስልኩን ያነሳችው ልጅ ድምፅዋ ትሁት ነበር። «ይቅርታ እትዬ፣ ገበያው እስኪረጋጋ ድረስ ውል መቀየር አቁመናል።»

ደምሰው ጋዜጣውን አላስቀመጠም። «ብር...» አለ። ወሰንየለሽ ስልኩን እንደያዘች ቀጣዩን ቃል ጠበቀች።

ሐሙስ ዕለት ብር አገገመ። ድርጅቱ መጥቶ ያልወሰደው ማሽን በሙሉ ኃይሉ እየሠራ ነው። ወሰንየለሽ ሸሚዟን ትተኩሳለች። ጋዜጣው አልጋው ላይ ነው። የሚያነብላት የለም።