የዛኪር መሳያ ድንጋይ

ቢላው ሽንኩርቱን አልቆርጥ ብሎ ጨፈለቀው። ሬሕማ እንደለመደችው እየገዘገዘች ቀጠለች። በዚህ ቢላ እዚህ ካርቱም ዳር የሶባ ጎረቤት ሁሉ ሲስቅባት ሁለት ዓመት አለፈው፤ የጎኗ ጎረቤት ፋጤማ “በጥርስሽ ብትቆርጪው ይቀልሻል” እስከማለት ደርሳለች። እሷ ግን ለማንም አላስነካችም። የቤቱን ቢላ የሚስለው ባሏ ነው። ዛኪር ሲመጣ ይስለዋል።

ደጃፉ ላይ የተቀመጠው እንግዳ ይህን አያውቅም። ወልደሥላሴ ይባላል፤ እንደነሱው የወሎ ሰው ነው። ዛኪር አትክልተኛ ሆኖ ይሠራበት ከነበረው፣ ካርቱም ውስጥ አል-ማንሺያ ሰፈር ካለው ግቢ ጎን ያለውን ቤት በዘበኝነት ይጠብቅ ነበር። ጦርነቱ የተነሳ ሰሞን ሁለቱም እዚያው ተይዘው ቀሩ፤ ከዚያ ወዲህ የአንዳቸውም ወሬ አልተሰማም። ዛሬ ወልደሥላሴ ከገዳሪፍ ብቻውን መጣ። ውሃ ሰጠችው፣ ጠጣ። ስለ መንገዱ አወራ፣ ስለ ሙቀቱ አወራ። ስለ ዛኪር እሱም አላነሳ፣ እሷም አልጠየቀች። ካልጠየቅሁ አይነገረኝም ብላ ይሆናል።

“በይ ቢላውን አምጪው ልሳልልሽ፤ ወላሂ ልቤን አደረቅሽው!” አለ በመጨረሻ። አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ ሰው ነው፤ ካርቱም የከረመ አፉ ግን ያለ ወላሂ አይናገርም። እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ።

ያወጣው ከአሮጌ ጂንስ የተሰፋ ትንሽ ከረጢት ነበር። የሰፋችው ራሷ ሬሕማ ናት፤ በቀይ ክር የሰፋችውም ጥቁሩ አልቆባት ነው። ከውስጡ የዛኪር መሳያ ድንጋይ ወጣ፤ መዳፍ የማይሞላ፣ አንድ ፊቱ ሻካራ፣ አንድ ፊቱ ልስልስ።

ነጠቀችው። መጀመሪያ የመጣባት ደስታ ነበር፤ ዛኪር ያለዚህ ድንጋይ ከደጅ አይወጣምና ድንጋዩ ከመጣ እሱም ከኋላ የሚከተል መሰላት። ከዚያ አውራ ጣቷን በሻካራው ፊት ላይ አሳለፈች። መሐሉ ጎድጉዷል።

ዛኪር በዚህ ነገር ጭቅጭቃም ነበር። ማጭዱንም፣ የአትክልት መቀሱንም፣ የሷን ቢላም ሲስል ድንጋዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው የሚጠቀምበት። እንዲያም ሆኖ በየጁምዓው ሲሚንቶ ላይ እያሸ ያስተካክለዋል። ውሃ ጠብ ያደርግበትና አንድ ቦታ ካቆረ እንደገና ያሸዋል። እሱ በሕይወት እያለ ይህ ድንጋይ እንዲህ አይሆንም።

“ማን ነው እንዲህ ያጎደጎደው?” አለች።

ወልደሥላሴ አንገቱን ደፋ። “እኔ ነኝ።”

“ምን ስትስልበት?”

“አካፋ።”

ሬሕማ ድንጋዩን በሁለት እጇ ጨበጠችው።

“ጥይቱ ሲንጣጣ ተው ግባ ስለው፣ ዛፎቹ ምን አጠፉ ብሎ ሎሚውን ይከረክማል። የመድፍ ዳና መጥታ እዚያው ጀነይናው ውስጥ፣ አትክልቱ መሐል ፈነዳች። አጥር ዘልዬ ስደርስ አልፏል፤ አልተሰቃየም። መሬቱ ደርቆ ብረት ሆኗል፣ ያለኝ የራሱ አካፋ ነው፣ እሱም እየዶለዶመ አስቸገረኝ። ከኪሱ ይህን አወጣሁና እየሳልኩ ቆፈርኩ፣ እየሳልኩ ቆፈርኩ። በጋቢዬ ገነዝኩት። መጀመሪያ ስልክሽ አልነበረኝም። ሳገኘው ደግሞ አፌ እምቢ አለኝ።”

ሬሕማ ጩኸቷን ልትለቀው ነበር፤ አልወጣ አላት። “እንዴት አርገህ አስተኛኸው?” አለች።

“እንደ አገራችን ነዋ! ኧረ አላጓደልኩበትም። ስንቱን ሙስሊም ጎረቤት ስንቀብር አብሬ ቆፍሬ የለም? በቀኝ ጎኑ አጋደምኩት፤ ራሱን ወደ ፀሐይ መውጫ፣ ፊቱን ወደ ሰሜን፣ ወደ ቂብላው።” ቀና ብሎ አያት። “ምነው፣ አጥፍቻለሁ?”

ወሎ ላይ ቂብላው ወደ ሰሜን ነው። ካርቱም ላይ ግን ወደ ፀሐይ መውጫ ያዘነብላል። ሬሕማም አዲስ የመጣች ሰሞን እንደ አገሯ ወደ ሰሜን ዞራ ልትሰግድ ስትቆም፣ ዛኪር “ደሴ መሰለሽ እንዴ?” ብሎ እየሳቀ ትከሻዋን ይዞ ቀስ አድርጎ አዙሯት ነበር። መቃብር ሲገባ የሱን ትከሻ ይዞ የሚያዞር ግን አልተገኘም።

መስገጃዋ ጥጉ ላይ ወደ ፀሐይ መውጫ አዘንብሎ እንደተዘረጋ ነው። ወልደሥላሴ ግን የሚያየው እሷን እንጂ መስገጃውን አይደለም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳርፏል፤ ያን ሁሉ ደረቅ መሬት የቆፈሩ እጆች ናቸው።

“አላጠፋህም” አለችው። “ደግ አርገህ ነው ያስተኛኸው። አላህ ይስጥልኝ።”

ሰውየው ያኔ ነው ያለቀሰው። ሲበቃው ፊቱን በክንዱ ጠረገና፣ “በይ ስጪኝ፣ ሲሚንቶው ላይ አሽቼ ላስተካክልልሽ” አለ።

“ተወው። አትንካው።”

ሬሕማ የጎደጎደውን ፊት ወደ ታች አድርጋ ድንጋዩን መሬት ላይ አስቀመጠች። ልስልሱ ፊት ላይ ውሃ ጠብ አደረገች። ቢላውን አጋድማ፣ ዛኪር ሲያደርገው እንዳየችው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወሰደችው፣ መለሰችው፣ ወሰደችው። ስለቱን በጥፍሯ ሞከረች። ያዘ።

ከዚያ ሽንኩርቱን አነሳች። ቢላው ሳትገፋው ድምፅ እንኳ ሳያሰማ በአንድ ጊዜ አለፈ፤ እሷም ሁለቱን ግማሽ በመዳፏ እንደያዘች ቀረች።