ከኋላው የፈሰሰ ውሃ

የሩትን አባት አስከሬን የጫነው መኪና ከገላን ኮንዶሚኒየም በር ሲወጣ፣ ልጅቷ ከለቀስተኛው መሃል ሾልካ ሮጠችና በሃይላንድ የያዘችውን ውሃ ከኋላው ታፈስ ጀመር። ግማሹን እንዳፈሰሰች አንዲት ጎረቤት ሃይላንዱን ያዘችባት።

«ውሃ ከጠፋ ሳምንቱ፤ አንቺ አስፋልት ታጠጫለሽ?»

መምህር ተሰማ ይህን ሲያዩ በቆሙበት ደርቀው ቀሩ። በሩቅ አገር፣ መንገደኛ በደህና እንዲመለስ ከኋላው ውሃ እንደሚፈስለት ለሩት ክፍል ያስተማሩት እሳቸው ነበሩ፤ ያውም በዚሁ ሰሞን። ያን ጊዜ ልጆቹ ሲስቁ ሩት ብቻ አልሳቀችም።

አሁን ሃይላንዱን ሳትለቅ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ቲቸር፣ እንዲመለስ ግማሹ ይበቃዋል?»

ጎረቤቷ ቀስ ብላ እጇን ከሃይላንዱ ላይ አነሳች።