የቀስቱ ምርቃት

ሰውየው በሩን የከፈተላት ቁርጥ እያላመጠ ነበር። ሊሸጠው ያሰበውን ያገለገለ ባለመዘውር ኮምፓውንድ ቀስት ከሶፋው ጀርባ አወጣና ጮማ በነካው እጁ አቀበላት። መያዣው አሟለጫት።

«ጀማሪ ነኝ፤ ብዙ ገንዘብም የለኝም» አለችው። «ለመሳብ አይከብደኝም?»

«እነዚህን መዘውሮች ታያለሽ? ሸክሙን የሚችሉልሽ እነሱ ናቸው። የአዲሱ ዋጋ አይቀመስም፤ እኔ በግማሽ እሰጥሻለሁ።» እያወራ ጥርሱን በጥፍሩ ይጎረጉራል፤ ያወጣውንም መልሶ ይውጣል።

«ጀማሪ ሰው በምን ላይ ይለማመዳል?»

«በጆንያ ላይ ይሉሻል። ጆንያ ምን ያደርጋል፣ አይሮጥ!» ብሎ ሳቀ። «በረንዳሽ ላይ ቆመሽ የሰፈር ውሻ መጠበቅ ነው እንጂ። እየጮኸ ሲፈረጥጥ ብታዪው!»

በዋጋው ትንሽ ተከራከሩና ተስማሙ። ከዚያ እንደ ማንኛውም ገዢ፣ «አትመርቅልኝም?» አለችው።

«ላንቺማ!» ብሎ ከጓዳ ጥቂት ፍላጻዎች ይዞ መጣ። የሁሉም ጭራ ደማቅ ብርቱካናማ ነው። «አንዱ ጠፍቶብኛል፤ የቀሩትን በሙሉ ውሰጃቸው።»

«አልጠፋም» አለችው።

ቦርሳዋን ከፍታ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣችና ፈታችው። ጭራው ብርቱካናማ የሆነ፣ ጫፉ ላይ ደም የደረቀበት ፍላጻ ነው።

«የውሻዬ ጎን ውስጥ ነበር» አለችውና የቁርጡ ሳህን ላይ አጋደመችለት።