ጤዛ የሌለበት ኮፈን

አባቷ የአሮጌዋን ጂፕ ቁልፍ ተቀብሎ ሊገባ ሲል፣ ጸሐይወርቅ ዓይኗን ከመኪናዋ ላይ መንቀል አቃታት። የነፋስ ስልክ ማለዳ ጣሪያዋንም መስታወቷንም ጤዛ አልብሷቸው ነበር፤ የሞተሩ ኮፈን ብቻ ደረቅ ነው።

“ከሐሙስ ወዲህ አላስነሳኋትም” አሉ ሻጩ ጋሽ እንግዳ። “ቤንዚን በኩፖን በሆነበት ዘመን ማን በከንቱ ያቃጥላል? ግን በአንድ ቁልፍ ካልተነሳች ከምላሴ ላይ ፀጉር ንቀል።”

አባቷ በዚህች መኪና ከቡታጅራ ሰው ሊያመላልስ አስቧል፤ በብርድ እምቢ የምትል ከሆነች ጭቃ መሀል ታሳድረዋለች። ጸሐይወርቅ ይህን እያወቀች በትልልቅ ሰዎች ወሬ መግባት አልሆነላትም። ኮፈኑን ዳሰስ አደረገችው። ትኩሳት እንደያዘው ግንባር ይሞቃል። ምንም ሳትናገር የአባቷን እጅ ይዛ እዚያው ላይ አሳረፈችው።

አባቷ እጁን ሳያነሳ ፈገግ አለ። “ጋሽ እንግዳ፣ እስቲ ሻይ ያስፈሉልን። ይቺ እስክትበርድ እንጠብቃለን።”

ጋሽ እንግዳ ማጅራታቸውን አከኩ። “ጠዋት ጠዋት ትንሽ ታንገራግራለች” አሉና ሳቃቸው አመለጣቸው። “ልጄ ዝምተኛ ናት ብለኸኝ አልነበር?”

“አሁንስ ምን ተናገረች?” አለ አባቷ።